በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል

ረቡዕ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2002

ዛሬ አለቃችን ታዲዎስ የሸነቆን ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈውና «እጸ፣ ይሄንን እስከ ህዳር ሃያ አጽድተሽ ስጪኝ» አለኝ። አጽድተሽ! የቢሮው ጽዳት ሌላ ሰው አላት። እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፤ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው የተናገረውን ስጽፍ የኖርኩ።

ትናንት ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ የድሮ ጎረቤቴን ሸዋዬን አገኘኋት። «የምን ሥራ ነው የያዝሽው ደግሞ?» አለችኝ። «ጭስ እንሸጣለን» አልኳት። አበደች በሚል ዓይን አየችኝ። ምን ታድርግ፣ ነገሩ ለራሴም ገና በቅጡ አልገባኝም። ሸነቆ የሚባል ተራራ አለ፣ ከአዲስ አበባ የአምስት ሰዓት መንገድ። ሰው ሲያከስልበት፣ ፍየል ሲግጠው ተራቁቶ ነበር። ከሰውና ከፍየል ከተከለለ ደኑ ይመለሳል። ደኑ ከአየር ላይ የሚውጠውን ጭስ አንድ የአውሮፓ ኩባንያ ይገዛናል። በገዛው ልክ እዚያ አገሩ ያለው ፋብሪካ ማጨሱን ይቀጥላል፣ ያውም በሕግ፣ መንግሥታት በተፈራረሙት ውል። በታህሳስ ኮፐንሃገን ላይ አዲስ ውል ሊዋዋሉ ነው። ታዲዎስ የሚጣደፈው ከዚያ በፊት የኛ ፋይል እንዲጸድቅለት ነው።

ፋይሉ ውስጥ የእኔ ጽሑፍ አለ። ግንቦት 17 ቀን 1999፣ የሸነቆ ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ። «ተሰብሳቢዎቹ ተራራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል።» የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ሁሌም ያምራል።

ሁሉም አሚን ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

የመብራት ፈረቃው አበቃ ተብሎ ነበር። ምኑ ያበቃል! ከቀትር ጀምሮ ድርግም። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ዋለ። የናፍጣው ጭስ በመስኮት እየገባ፣ የደን ባለሙያችን አምኃ እየሳለ፣ እኛ ስለ ንጹሕ አየር መቶ ሃያ ገጽ እናትማለን። ሳቄ መጣ። ታዲዎስ ግን አልሳቀም።

ቤትም ጨለማ። ዝናቡ ከድቶ ግድቦቹ ጎድለዋል አሉ። ከሰል ልገዛ ከቤቴ ጀርባ ወደ ኢብሮ መደብ ወረድኩ። ኢብሮ እዚሁ ካዛንቺስ ከሰል ሲሸጥልኝ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን እርጥብ ሰጥቶኝ አያውቅም። ዛሬ አጠገቡ አንዲት ልጅ እግር ሴት ሕፃን አዝላ ከሰሉን ትለያለች፣ ደቃቁን ለብቻ፣ ትልልቁን ለብቻ።

«የእህቴ ልጅ ናት፣ ኢኽላስ» አለኝ። «ከአገር ቤት መጣችብኝ።»

«ከየት?»

«ከሸነቆ። ታውቂዋለሽ?»

«ስሙን ሰምቻለሁ» አልኩት።

ስሙን ሰምቻለሁ! ሄጃለሁ ብል ምን ነበረበት? በቃ፣ ደክሞኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ራስ ምታት። ከገጽ 61 እስከ 80 ታርሟል። «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ» የሚለው ክፍል ነገ።

ነገ ሳይሆን ሐሙስ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

በኢብሮ በኩል ማለፍ ትቼ ሳምንት ሙሉ በዋናው መንገድ ዞሬ ስገባ ሰነበትኩ። ዛሬ ኢኽላስ ራሷ ቦኖው ጋ ያዘችኝ፣ ጀሪካኗን አስቀምጣ።

«እትዬ፣ ጠፉብን። ከሰሉ አጨሰብዎት እንዴ?»

«ኧረ ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ከዚያ፣ አልጠይቅም ብዬ የማልኩትን ጠየቅኳት። «ባለቤትሽስ የት ነው?»

ሙደስር ይባላል። ታስሯል። ተራራው ላይ ከሁለት ጆንያ ከሰል ጋር ጠባቂዎች ያዙት፣ ለወረዳው ፖሊስ አስረከቡት። «አያቴም አባቴም ያከሰሉበት ነው ቢላቸው፣ ‹ራሳችሁ ናችሁ በቃላችሁ የለቀቃችሁት፣ ወረቀት አለ› አሉት። ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ያንን ወረቀት ነው። ፍየሎቻችንን የሸጥነው አምና ነው፣ የሚግጡበት አጥተው። ከከሰል ሌላ ምን ቀረን?»

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?» አፌ ነው እንጂ እኔ አልጠየቅኩም።

«አንዲት የአዲስ አበባ ሴትዮ ናት። እኛ ሴቶቹ ከግራሩ ወዲህ ስለነበርን ፊቷን አላየሁትም። ሰማያዊ ጃንጥላ ይዛ ነበር።»

ጃንጥላው ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል። አሁን ስጽፍ እያየሁት ነው። ነገ ለሰው እሰጠዋለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 22

ወርኃዊው ኡራኤል። ቄሱ ሲባርኩ ሕዝቡ «አሜን» ሲል የእኔ አፍ አልከፈት አለ። አጠገቤ የቆሙት እናት ዘወር ብለው አዩኝ።

አሜን የምለው በምን ተስማምቼ ነው? በምንም። ምርቃት ስለሆነ ነው። ስብሰባ ሲበተን ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሰው ቢስማማም ባይስማማም። አምና የእድራችን ስብሰባ ሰው ሊማታ ደርሶ፣ ነገሩ ሳይቋጭ ለሚቀጥለው ወር ተላልፎ፣ አባ ገብረጻድቃን ተነሥተው መረቁን። ሁላችንም አሜን ብለን ወጣን። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። «ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ግን ሸነቆ የሰው አገር ነው፣ ቋንቋውን አልሰማም። ሼህ ነስሩ የሚባሉት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ፣ ሦስት መቶ ሰው አሚን አለ፣ ተራራው ራሱ ያስተጋባ መሰለኝ። እንደዚያ ያለ አሚን የሰማ ሰው ምን ይጻፍ? አላወቅሁም ነበር። በምን ልወቅ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 27

አምኃ ከሸነቆ ተመለሰ። ፀሐይ አክስሎት፣ ደስ ብሎት መቀመጫ አጥቶ። ካሜራውን ይዞ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋ።

«እጸ፣ እዪው፣ ውሃ! ይቺ ምንጭ ስምንት ዓመት ደርቃ ነበር። የታችኛው ቀበሌ ሴቶች ለአንድ እንስራ ሦስት ሰዓት ነበር የሚሄዱት። አሁን ደጃቸው ላይ ይቀዳሉ። ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ስላልነካነው!»

ሥዕሉ ላይ አንዲት አሮጊት በመዳፋቸው እየጠጡ ይስቃሉ። እኔም ሳላውቀው ሳቅኩ።

«የላይኞቹስ? ከሰል የሚያከስሉት?»

ፊቱ ጠቆረ። «አርባ ቤት ናቸው። እንዳላሰብኳቸው አታድርጊኝ። የንብ ቀፎው፣ የችግኝ ጣቢያው ሥራ፣ ሁሉም ለእነሱ ነው የታሰበው።»

«መቼ?»

«ፋይሉ ሲጸድቅ ነዋ።»

ሁሉ ነገር ፋይሉ ሲጸድቅ ነው። አምኃ ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በተገላገልኩ! ቃለ ጉባኤው ውሸት ነው ብል የጭሱ ገዢ ይሸሻል፣ የተራራው ክልከላ ይፈርሳል፣ ምንጯም ትደርቃለች። ዝም ብል ሙደስር በእኔ ጽሑፍ ይፈረድበታል። ከሁለቱ አንዱ ነው። ሌላ መንገድ ስፈልግ ዋልኩ፣ የለም።

ሐሙስ፣ ህዳር 3

ከቢሮው መደርደሪያ የሸነቆን ስብሰባ ካሴት በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ሰረቅኩ ልበል? የቀዳሁት እኔው ነኝ። ቀጥታ ኢብሮ ጋ።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት፣ ሳልቀመጥ።

«እናውቃለን» አለኝ። «ኢኽላስ ገና በመጀመሪያው ቀን በድምፅሽ ለየችሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እስክትነግሪን ነዋ።»

ካሴቱን በሬዲዮኑ ከፈተው። የሼህ ነስሩ ድምፅ መጣ። ኢብሮ እጁን ከከሰሉ አራግፎ መዳፎቹን ዘረጋ፤ ኢኽላስም። ሽማግሌው ባረፉ ቁጥር ከካሴቱ ሕዝብ ጋር አብረው አሚን ይላሉ፣ ከዚያ ኢብሮ ያቆመውና ይተረጉምልኛል።

«እንግዶቻችንን በሰላም አገራቸው አግባልን ይላሉ።»

«ዝናብህን አታርቅብን።»

«ስለ ተራራው የሚበጀውን አሳየን። ከመኸር በኋላ እንግዶቻችን ሲመለሱ መልሳችንን አንድ ቃል አድርግልን።»

እዚህ ላይ ኢብሮ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሬዲዮኑን አየሁ።

«ይቺን የምትጽፈውን እህታችንን እጇን ባርክላት። የተባለውን እንድትጽፍ አግዛት።»

አሚን አለ ሕዝቡ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው ግን የሴት ድምፅ ነው፣ አሚን ሳይሆን አሜን የሚል። መቅረጫውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ሽማግሌው ከመኸር በኋላ መልሱን የሚቀበል ሰው ይመጣል ብለው ሁለት መኸር ጠበቁ» አለ ኢብሮ። «ዘንድሮ በረመዳን አረፉ።»

«አላወቅሁም ነበር» አልኩ። ኢኽላስ ሕፃኑን አዝላ ተነሣች።

ዓርብ፣ ህዳር 4

አልተኛሁም።

ያኔ ከሸነቆ ስብሰባ ስንወጣ አስተርጓሚው በመኪናው መስኮት የሆነ ነገር ብሎኝ ነበር። ሞተሩ ተነሥቶ ነበር፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሾፌሩ ወንዙ ሳይሞላ እንውጣ እያለ ያጣድፋል። ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 8

«ከመኸር በኋላ» ያለኝ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው እንጂ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 12

ህዳር ሲታጠን። ከሰንጋ ተራ እስከ ኡራኤል በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል፣ ከተማው በጭስ ታፍኗል፣ በሽታ ይውጣ እያለ ሰዉ ይስቃል። ግማሽ ቀን ሥራ ነበረን። ታዲዎስ ብቻውን መሆኑን አይቼ ገባሁ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ቃል ላስተካክል ነበር።»

«የቱን?»

«‹ተስማምተዋል› የሚለውን።»

መነጽሩን አወለቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እጸ፣ ያ ቃል ከወጣ የቀረው መቶ አስራ ዘጠኝ ገጽ ምንድን ነው?»

«እነሱ እኮ እናስብበት ነው ያሉት።»

«ማን ነገረሽ? ያኔ ሰምተሽዋል?»

ዓይኔን ወደ ፋይሉ መለስኩ።

«ስሚኝ» አለኝ። «ፈረንጅ ጭሱን አይተውም። በመቶ ዓመት የገነባውን ለእኔና ለአንቺ ብሎ አይዘጋም። እኛ ባንሸጥለት ሌላ አገር ይሸጥለታል። ቢያንስ ግን አንድ ተራራ ይለማል። እኔ የሸዋ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ መሬት ሲሞት አይቻለሁ። አርባ ቤት ለጊዜው ይቸገራል፣ ልክ ነው። ያለ ክልከላው ግን በአስር ዓመት ውስጥ ሁሉም ተሰዶ ካዛንቺስ ነው የሚመጣው።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ይመስላል። ወጣሁና ጭሱ ውስጥ እያሳለኝ በእግሬ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ህዳር 18

ዓረፋ። በር ተንኳኳ፤ ኢኽላስ ናት። ሥጋቸውን እንደማልበላ፣ ጾም መግባቱንም ታውቃለች። ሙዝና ብርቱካን በሳህን፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። «አጎቴ ልኮኝ ነው።» ዓይኗ አብጧል።

«ሙደስርን ጠየቃችሁት?»

«ሩቅ ነው። በስልክ አገናኙኝ። ልጁ ጥርስ አወጣ አልኩት።»

ችሎቱ ታህሳስ መጀመሪያ ነው አለችኝ። ምንም አልለመነችኝም። ብትለምነኝ እኮ እቆጣት ነበር፣ እኔ ምን ላድርግ እላት ነበር። ሳህኑን ባዶውን አይመለስም ብዬ ዳቦ አድርጌ ሰጠኋት።

ሐሙስ፣ ህዳር 24

ፋይሉን የሚያጣራው ፈረንጅ መጣ። ሽበታም፣ ትሑት፣ ቀስ ብሎ የሚጽፍ። ታዲዎስ በእኔና በእሱ መካከል ያስተረጉማል።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እምቢ የማለት ዕድል ነበራቸው? ተስማምተዋል ብለሽ በምን አወቅሽ?»

አምኃ መሬት መሬት ያያል። ታዲዎስ እኔን ያያል።

«ሁሉም አሚን ብለዋል» አልኩ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ጻፈው፣ ከሥሩም አሰመረበት። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። አሚን ብለዋል።

ከሥራ በኋላ አምኃ መስቀል ፍላወር ወስዶ ሁላችንንም ጭማቂ ጋበዘን። ጭማቂው ግን አልወርድ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 29

ሬዲዮ፦ የኮፐንሃገን ጉባኤ ተጀመረ። የመቶ ምናምን አገር ሰው። «የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል» ይላል ተናጋሪው።

ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 3

ኢብሮ ለችሎቱ ወርዶ ትናንት ማታ ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ከሰሉን አልዘረጋም፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

ዓቃቤ ሕጉ የእኔን ወረቀት አነበበ። ሙደስር አልተስማማንም አለ። ዳኛው ከመንደሩ አምስት ሽማግሌዎች አስጠርተው አቆሙ። ብዙ አልጠየቁም። «በዚያ ቀን አሚን ብላችኋል ወይስ አላላችሁም?»

«ምን አሉ?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«ብለናል አሉ።» ኢብሮ መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ። «ምን ይበሉ? ዱዓ ይካድ? የሟቹን ሰውዬ ዱዓ? አንደኛው ለማስረዳት ቢጀምር ዳኛው የተጠየቅከውን ብቻ መልስ አሉት።»

አንድ ዓመት ተፈረደበት።

እነሱ አሚን ያሉትን አይክዱም። እኔ ግን አስራ ስድስት ዓመት የሌላውን ሰው ቃል እየጻፍኩ፣ የራሴን አንድ ቃል ሳልናገር ኖርኩ። እንዴት ያለሁ ፈሪ ነኝ! ሃያ ቀን ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ ይሄ ሰው ዛሬ ቤቱ ነበር። ይህን የማስበው አሁን ነው፣ ከተፈረደበት በኋላ።

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 6

ለታዲዎስ ነገርኩት። ለይግባኙ ቃሌን ልሰጥ ነው፣ ለአጣሪውም እልካለሁ አልኩት። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «ሰባት ሰው ነን እዚህ ቢሮ» አለ። ከዚያ «ካሴቱንስ?» አለኝ። «ይዤዋለሁ» አልኩት። እቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። አምኃ ደረጃው ላይ ተከተለኝ።

«ምንጯስ እጸ?»

«አላውቅም አምኃ።»

«እንደገና እንጠይቃቸው። እኔ እወርዳለሁ፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጬ እለምናቸዋለሁ።»

«እንግዲያው እምቢ ካሉህም እምቢ አሉ ብለህ ጻፍ።»

ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 10

የኮፐንሃገኑ ጉባኤ ተበተነ፤ ሳይስማሙ ነው ይላል ሬዲዮው፣ ሌላው ደግሞ ተስማምተዋል ይላል። ማን ጽፎት ይሆን?

ቃሌን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እኔ! በደቂቃ ሁለት ገጽ የማወርደው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ጨርሼ ኢብሮ መደብ ወሰድኩት፤ ኢብሮ ሰኞ ይግባኝ ሊያስገባ ይወርዳል። ኢኽላስ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ሼህ ነስሩ ዱዓ ያደረጉት ስብሰባውን ለመዝጋት መሆኑን። መልሱ ከመኸር በኋላ እንደነበረ። መልሱን ለመቀበል ማንም እንዳልተመለሰ። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚለውን እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እንደጨመርኩት። «ይህንንም የጻፍኩት የአካባቢውን ቋንቋና ልማድ ባለማወቄ ነው» ብዬ ጨረስኩ።

ኢብሮ «ጥሩ ነው፣ አላህ ይስጥሽ» አለ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

«እትዬ» አለች ኢኽላስ። ከሰል መለየቷን አቁማለች። «የመጨረሻውን ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት።

«አስተርጓሚው የእኛው መንደር አስተማሪ ነው። በመስኮቱ ሲነግርዎት እኛ ሴቶቹ ከመኪናው ኋላ ቆመን ነበር። ‹ከመኸር በኋላ ተመለሱ፣ አደራ› አለዎት፣ በአማርኛ። እርስዎም ‹እሺ፣ እሺ› አሉት። ድምፅዎን የያዝኩት ያኔ ነው።»

ኢብሮ አንገቱን ደፋ። መንገዱ ላይ ሚኒባስ ይጮሃል፣ ሰው ያልፋል። እሺ፣ እሺ። ብያለሁ። ጃንጥላዬን እያጠፍኩ ነበር፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ደህና አድርጌ ሳስታውሰው ኖሬያለሁ።

«ባለማወቄ» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «እያወቅኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠች፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ።

«አሁን ይፈርሙ» አለችኝ።